ሞተር ራሴ ላስተምራቸው ብዬ ነበር፤ ኮርሱ ይሻላል

ከዋናው ነገር ልጀምር። ቤታችሁ ውስጥ ሞተር መንዳት የሚፈልግ ሰው ካለ፣ ልጃችሁም ይሁን ሚስታችሁ ወይም ወንድማችሁ፣ ራሳችሁ አታስተምሩት። ኮርስ አስገቡት። ይህን የምለው ሞክሬው ስላቃተኝ ነው። የምጽፍላችሁ እዚህ ቨርጂኒያ ታናሽ እህቴና የታላቅ እህቴ ልጅ ስለወሰዱት የጀማሪዎች የሞተር ኮርስ ነው። «ቤዚክ ራይደር ኮርስ» ይባላል። ያዘጋጀው ሞተርሳይክል ሴፍቲ ፋውንዴሽን የሚባል፣ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ድርጅት ነው። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ቦታ ስለሚሰጥ ሌላ ስቴት ላላችሁም ይጠቅማል።

እኔ ሞተር የለመድኩት ሐዋሳ ነው። አጎቴ ነው ያስለመደኝ። ትምህርቱ አሥር ደቂቃ አልፈጀም። «ይሄ ፍሪሲዮን ነው፣ ይሄ ማርሽ ነው፣ የፊቱን ፍሬን እንዳትነካ ይገለብጥሃል» አለኝና ከኋላዬ ገፋኝ። በሦስተኛው ቀን ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ላይ ወደቅኩ። የጉልበቴ ጠባሳ እስከዛሬ አለ። አጎቴን አልወቅሰውም፣ እሱም የተማረው እንደዛው ነው፣ ያኔ ሰፈራችን ውስጥ ሞተር የሚነዳ ሁሉ ከሌላ ሞተረኛ አይቶ ነው የለመደው።

የእህቴ ልጅ ከሐዋሳ ከመጣ ሁለት ዓመቱ ነው። እዛ እያለ ቦክሰር የምትባለዋን ሞተር ይነዳ ነበር። ሃያ ዓመቱ ነው፣ እዚህ ያለሁለት እኔ ነኝ፣ እትዬ ስትልከው በስልክ ያለችኝ አንድ ቃል ብቻ ነው፦ «አደራህን»። ታናሽ እህቴ ደግሞ ነርስ ናት፣ ድንገተኛ ክፍል ነው የምትሠራው። ሞተር ነክታ አታውቅም፣ ብስክሌት ግን ትነዳለች። ሁለቱም ባለፈው ጸደይ ሞተር እንንዳ ሲሉኝ ደስ አለኝ። ሃያ ዓመት ነድቼ የለ፣ ከእኔ የተሻለ ማን ያስተምራቸዋል ብዬ አሰብኩ።

አንድ እሑድ ጠዋት ባዶ የቢሮ ፓርኪንግ ውስጥ ወሰድኳቸው። ስህተቴ የጀመረው እዛ ነው። ይዤ የሄድኩት የራሴን ሞተር ነው፣ ትልቅና ከባድ ነው፣ እህቴ ስትቀመጥበት እግሯ መሬት በደንብ አልደረሰላትም። ስለዚህ መጀመሪያ ልጁ ይንዳ አልን። ሁለት ዙር በሰላም ዞረ። በሦስተኛው ሊታጠፍ ሲል ወደ አጥሩ የቀረበ መሰለኝና ጮህኩ። «ያዘው! ያዘው!» አልኩት። ደንግጦ የፊቱን ፍሬን ጥርቅም አድርጎ ያዘው፣ መሪው ግን እንደተጠመዘዘ ነበር። ሞተሩ በጎኑ ተኛ፣ የእሱም እግር ከሥር ቀረ። ማርሚታው ቁርጭምጭሚቱ ላይ አርፎ ነበር። «ምንም አልሆንኩም ጋሼ» ይለኛል፣ ፊቱ ግን አመድ መስሏል።

እህቴ ቃጠሎውን ስትጠርግለት ቀና ብላ አየችኝ። «እኔ ካንተ አልማርም» አለችኝ። «ሥራ ቦታ የሚመጡትን አያለሁ። ከሚያውቅ ሰው ነው የምማረው።» ኮርሱንም ፈልጋ ያገኘችው እሷ ናት። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለእትዬ ስደውል ምን ልላት እንደነበር እያሰብኩ ነው ያደርኩት።

በኋላ ስረጋጋ የገባኝ ነገር አለ። ቤተሰብህን ስታስተምር ወይ ትጮሃለህ ወይ ታዝናለህ። ሲሳሳቱ ትፈራለህና ትጮሃለህ፣ ሲደክማቸው ደግሞ ያሳዝኑሃልና ያልቻሉትን ነገር እንደቻሉት አድርገህ ታልፈዋለህ። ሁለቱም ሞተር ላይ አደገኛ ናቸው።

ይሄ የእኔ ስሜት ብቻ አይደለም። ሃሪ ኸርት የሚባሉ የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሎስ አንጀለስ ውስጥ 900 የሞተር አደጋዎችን ቦታው ድረስ እየሄዱ መርምረው በ1981 እ.ኤ.አ. ውጤቱን አውጥተው ነበር። አደጋ ከደረሰባቸው ነጂዎች 92 በመቶው ሥልጠና አልወሰዱም፤ ወይ በራሳቸው የለመዱ ወይ ቤተሰብና ጓደኛ ያስተማራቸው ናቸው። በዚያን ጊዜ የሠለጠነ ነጂ ራሱ ጥቂት ስለነበር ቁጥሩ ብቻውን ሁሉንም ነገር አያሳይም። እኔ ግን ያነበብኩት ልጁ በፋሻ የታሰረ እግሩን ሶፋ ላይ ዘርግቶ ከፊቴ ተቀምጦ እያለ ነው። «ቤተሰብ» የሚለው ቃል ላይ ስደርስ ማንበቤን አቆምኩ።

አሁን ወደ ኮርሱ። መጀመሪያ ቤት ሆነው በኮምፒውተር የሚጨርሱት የጥቂት ሰዓት ትምህርት አለ። ከዚያ ሁለት ቀን ሜዳ ላይ፣ በጠቅላላው አሥር ሰዓት ገደማ መንዳት ነው። ሞተሩን የሚያቀርቡት እነሱ ናቸው፣ ትናንሽና ቀላል ናቸው። ይሄ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው፣ ሰው የራሱን ሞተር እየጣለ አይማርም። ሙሉ እጅጌ፣ ረጅም ሱሪ፣ ጣት የሚሸፍን ጓንትና ከቁርጭምጭሚት በላይ የሚደርስ ጫማ ካላደረግክ አያስገቡህም። አሥራ ሁለት ተማሪዎች ነበሩ፣ አሠልጣኞቹ ሁለት። ቨርጂኒያ ውስጥ ኮርሱን ያለፈ ሰው ዲኤምቪ (መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት) ሄዶ የጽሑፍም የመንዳትም ፈተና አይፈተንም፣ የምስክር ወረቀቱን ይዞ መሄድ ነው።

እኔ ከአጥሩ ውጭ ታጣፊ ወንበር ይዤ ተቀምጬ ሁለቱንም ቀን አየሁ። የመጀመሪያውን ሰዓት መቼም አልረሳውም። ማንም ሰው አልነዳም! ሞተሩ በርቶ፣ አንደኛ ማርሽ ገብቶ፣ ሁለቱም እግር መሬት ላይ ሆኖ፣ ፍሪሲዮኑን በጣም ቀስ እያሉ ይለቃሉ፣ ሞተሩ ወደፊት ልሂድ ሲል መልሰው ይይዛሉ። ወደፊት ስንዝር፣ ወደኋላ ስንዝር። ደጋግመው። እህቴ መጀመሪያ ላይ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ከርቀት ይታየኛል። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ትከሻዋ ወረደ። ፍሪሲዮኑ የሚይዝባትን ቦታ እጇ አገኛት። እኔ ያቺን ቦታ ለማወቅ ሐዋሳ ላይ ስንት ጊዜ ሞተር እንደጠፋብኝና ስንት ጊዜ እንደፈናጠረኝ አስታውሳለሁ። እሷ በአሥር ደቂቃ አወቀችው፣ አንድ ሰው እንኳ ሳይጮህባት።

የልጁ ታሪክ ሌላ ነው። እሱ እችላለሁ ብሎ ነው የገባው። አሠልጣኟ ግን ሁለተኛው ዙር ላይ አስቆመችውና «ዓይንህ የት ነበር?» አለችው። የፊት ጎማው ላይ ነበር። ሐዋሳ ሲነዳ ጉድጓድ ለማየት የለመደው ነው። ወደምታጠፍበት ቦታ ጭንቅላትህን አዙረህ ካላየህ ሞተሩም አይታጠፍልህም፣ የምታየው ቦታ ነው የምትሄደው። ቀኑን ሙሉ ያንን አንድ ነገር ነው ያረመችው። አንዴም ሳትቆጣ፣ አንዴም ሳታልፈው።

ሌላው ፍሬን ነው። እሱም እንደኔ «የፊቱን አትንካ» ተብሎ ነው ያደገው። የለመደባት ቦክሰር የፊት ፍሬኗ በሸራ የሚሠራ ስለሆነ ብዙም አይይዝም፣ ስለዚህ እግሩ የኋላውን መርገጥ ነው የሚያውቀው። ኮርሱ ላይ የሚነግሩህ ተቃራኒውን ነው። ስታቆም ክብደቱ ወደ ፊት ጎማ ይሄዳል፣ የኋላው ይቀልላል። ከማቆሚያ ኃይልህ 70 በመቶ ገደማው የፊቱ ፍሬን ላይ ነው። የኋላውን ብቻ አጥብቀህ ከረገጥክ ጎማው ይቆለፍና ይንሸራተታል። የፊቱን ደግሞ እንደ ሎሚ ነው የምትጨምቀው፣ መጀመሪያ ለስለስ ከዚያ ጠበቅ። መሪው ቀጥ ብሎ። በድንገት፣ መሪው ተጠምዝዞ እያለ ከያዝከው ይጥልሃል። ይህን ሲያብራሩ ልጁ ዞሮ በአጥሩ በኩል አየኝ። እኔ ፓርኪንጉ ውስጥ «ያዘው» ብዬ ያስደረግሁት እሱኑ ነበር።

ሁለተኛው ቀን ይከብዳል። በፍጥነት ማቆም፣ ከፊትህ ያለን ነገር ዘወር ብሎ ማለፍ፣ ኩርባ ላይ መንዳት፣ በቀለም በተሰመረ ሳጥን ውስጥ ዞሮ መመለስ። እህቴ ሳጥኑ ውስጥ ልምምድ ላይ ሞተሩን ጣለችው። ተነስቼ አጥሩን ያዝኩ። አሠልጣኟ አልሮጠችም። ሄዳ አጠገቧ ቆመች፣ ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቀች፣ ከዚያ «ስትዞሪ ምን እያየሽ ነበር?» ብላ ጠየቀቻት። «መሬቱን» አለች። የወደቀ ሞተር እንዴት እንደሚነሳ አሳየቻትና እንደገና አስገባቻት። በቀጣዩ ዙር ዞረች። እኔ ብሆን ኖሮ «በቃ ለዛሬ ይበቃሻል፣ ደክሞሻል» ብዬ ወደ ቤት እወስዳት ነበር፣ እሷም ያንን ውድቀት ይዛ ትተኛ ነበር።

ፈተናውን እህቴ አለፈች። ልጁ ወደቀ። ምክንያቱም ድንገት አቁም ሲባል እግሩ የድሮውን አደረገ፣ የኋላው ጎማ ተቆልፎ ተንሸራተተና መስመሩን አልፎ ሄደ። ሦስት ቀን አላናገረንም። በወሩ ሌላ ቀን ተሰጥቶት ተፈተነና አለፈ። በእኔ በኩል የኮርሱ ትልቁ ዋጋ እሱ መውደቁ ነው። እኔ ፈታኝ ብሆን አሳልፈው ነበር፣ የእህቴ ልጅ ነዋ።

የሚጎድለውንም ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ቋንቋ ነው። አሠልጣኞቹ ጥሩ ሰዎች ናቸው ግን ፈጥነው ነው የሚያወሩት፣ ልጁ ደግሞ ሞተሩን የሚያውቀው በእኛ አጠራር ነው። «ክላች» ሲሉት ፍሪሲዮን መሆኑን እስኪያስብ ትዕዛዙ ያልፈዋል። ከመጀመሪያው ቀን በፊት ማታ ቁጭ ብዬ በወረቀት ጻፍኩለት፦ ኒውትራል ማለት ፎሌ ነው፣ ሚረር ስፖኪዮ፣ ተርን ሲግናል ፍሬቻ፣ ቼይን ካቴና፣ ማፍለር ማርሚታ። ስሮትል የሚሉት ነዳጅ የምትሰጥበትን የቀኝ እጅ መያዣ ነው። ከሀገር ቤት ነድቶ የመጣ ሰው ካላችሁ ይህቺን ወረቀት ጻፉለት፣ በጣም ረዳችው። በአማርኛ የተዘጋጀ ነገር ቦታው ላይ አልነበረም። አካባቢያችን ስንት ሐበሻ እያለ ይሄ ያሳዝናል።

ሁለተኛ፣ የሚያውሱት ሄልሜት አርጅቷል። የውስጥ ስፖንጁ ልፍስፍስ ብሏል፣ የእህቴ ጭንቅላት ላይ ይዞር ነበር። አንዱ ሞተርም የፍሪሲዮን ገመዱ ላልቶ ነበር፣ ሲነገራቸው ግን ወዲያው አጠበቁት። ሄልሜታችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

ሦስተኛውና ዋናው፣ ኮርሱ ከሜዳው አይወጣም። ፍጥነቱ ከሃያ ምናምን ማይል አያልፍም፣ መኪና የለም፣ መብራት የለም፣ ስልኩን እያየ የሚነዳ ሰው የለም። ወረቀቱን ይዘህ ስትወጣ ሕጉ ነጂ ነህ ይልሃል፣ ሰኞ ጠዋት ኮሎምቢያ ፓይክን የመሰለ መኪና የሚበዛበት መንገድ ላይ መውጣት ትችላለህ። እዚህ ላይ ነው ቤተሰብ የሚያስፈልገው። ማስተማሩን ለእነሱ ትተህ ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ አብረህ መሆን።

እኛ ያደረግነውን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ሄልሜት ገዛን። ቨርጂኒያ ውስጥ ግዴታ ነው፣ ግን ለፖሊስ ብለን አይደለም። ኮክሬን የሚባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግም ድርጅት ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ መርምሮ ያወጣው ግምገማ ሄልሜት የሞትን አደጋ በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ሐዋሳ እያለን ሄልሜት ክንድ ላይ ነበር የሚንጠለጠለው፣ ትራፊክ ሲታይ ነው ራስ ላይ የሚወጣው። እዚህ ቤት ውስጥ ማሰሪያው ሳይታሰር ቁልፍ አይዞርም። ስትገዙ «ዶት» (DOT) የሚለው የአሜሪካ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት የደኅንነት ደረጃ ምልክት ያለውን ግዙ፣ ግን ምልክቱን ብቻ አትመኑ፣ ስቲከር ማንም ይለጥፋል። ውስጡን እዩት፤ ደረቁ ፎም ሁለት ሴንቲሜትር ተኩል ገደማ ውፍረት ከሌለውና በእጃችሁ ስታነሱት እንደ ላባ ከቀለላችሁ ተዉት። ያገለገለ ሄልሜት ደግሞ በፍጹም አትግዙ። አንዴ የወደቀ ሄልሜት ከውጭ ደህና ይመስላል፣ ውስጡ ግን ሥራውን ጨርሷል።

ለእህቴ የገዛንላት ያገለገለች ሆንዳ ሬብል 300 ናት። 286 ሲሲ፣ መቀመጫዋ ከመሬት 69 ሴንቲሜትር ነው፣ ሁለቱም እግሯ ሙሉ በሙሉ መሬት ይረግጣል። ኤቢኤስ፣ ማለትም ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርግ ነገር፣ ያላትን ነው የፈለግነው፣ ምክንያቱም የልጁ ጎማ እንዴት እንደተቆለፈ በዓይናችን አይተናል። እሱም ለጊዜው በእሷ ነው የሚለማመደው። የእኔን ትልቁን አልሰጠሁትም፣ ለምኖኛል።

እሑድ እሑድ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ መንገዱ ገና ባዶ ሳለ እንወጣለን። አንዱ ይነዳል፣ እኔ በመኪና ከኋላ እከተላለሁ። ከኋላ የሚመጣውን መኪና እኔ እከላከላለሁ፣ እሱ ፊቱን ብቻ ያያል። ከመነሳታችን በፊት ሞተሯን ዞረን እናያታለን፦ የጎማውን ንፋስ፣ ፍሬኑን፣ መብራትና ፍሬቻውን፣ ዘይቱን፣ ካቴናው መላላቱን፣ መቆሚያው መታጠፉን። ከቤት ወጥተን ቁርስ እስክንበላ የምንነዳው ለአንድ ሰዓት ያህል ነው። ከዚያ በላይ አልፈልግም፣ የደከመ ጀማሪ ዓይኑ መሬት ላይ ይወርዳል።

ከሁሉ በላይ የምደጋግምላቸው ከፊት መጥቶ ወደ ግራ የሚታጠፍን መኪና ነው። የኸርት ጥናት ላይ ከሌላ ተሽከርካሪ ጋር በተደረጉ ግጭቶች ከሦስት ሁለቱ የሌላው ሹፌር የሞተረኛውን ቅድሚያ በመንሳቱ የመጡ ናቸው፣ ብዙውን ጊዜ ሹፌሩ ሞተሩን አላየውም። ሞተረኛው ነገሩን አይቶ አንድ ነገር ለማድረግ ያለው ጊዜ ደግሞ ሁለት ሰከንድ አይሞላም። ግማሾቹ አደጋዎች የጀመሩት ከ30 ማይል ባነሰ ፍጥነት ነው። ሃይዌይ ላይ ብቻ አይደለም ማለት ነው፣ የሰፈር መንገድ ላይም ነው። ስለዚህ የሹፌሩን ዓይን አትመኑ፣ ጎማውን እዩ እላቸዋለሁ። ጎማው ትንሽ ከዞረ መኪናው ሊመጣ ነው። ጣታችሁ ፍሬኑ ላይ ይሁን።

ሰው ማፈናጠጥ ስድስት ወር የለም። ልጁ ጓደኛውን ላድርስ ብሎ ጠይቆኝ ነበር፣ አይሆንም አልኩት። 495 የሚባለው ሃይዌይ ላይም ገና አልወጡም። መጠጥ ከተቀመሰ ደግሞ፣ አንድ ቢራም ብትሆን፣ ቁልፉ መሳቢያ ውስጥ ይገባል። በዚያው ጥናት ከሞት አደጋዎቹ ግማሽ ገደማው ውስጥ አልኮል ነበረበት። እዚህ ላይ እህቴ ከእኔ ይበልጥ ጥብቅ ናት፣ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ምን እንደምታይ እሷ ታውቃለች።

ኮርሱን ከ5 ኮከብ 4 እሰጠዋለሁ። አንዱን የቀነስኩት ለሄልሜቱና ለቋንቋው ነው፣ አሠልጣኞቹ ሙሉ አምስት ይገባቸዋል። ለሁለቱ የከፈልኩት ገንዘብ ከሞተሯ ዋጋ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። ጸደይ ላይ ቶሎ ስለሚሞላ በክረምት ተመዝገቡ።

እትዬ ባለፈው ሳምንት በቪዲዮ ደውላ ልጇን በሄልሜትና በጃኬት አየችው። ማሰሪያውን አስጠግቶ እንዲያሳያት ጠየቀችው፣ አሳያት። ከዚያ ስልኩን ለእኔ ስጥ አለችው። «አንተስ ተምረሃል?» አለችኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። በራሳቸው ሞተር ለሚነዱ ሰዎች የሚሰጥ ሁለተኛ ደረጃ ኮርስ አለ፣ ልጁ መስከረም ላይ ሊወስደው ነው። ትናንት ማታ እኔም ከእሱ ጋር ተመዘገብኩ።